የዓሣ ዘይትና የኮሌስትሮል ክኒን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

እንዴት ዋላችሁ? ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። የዓሣ ዘይትን ከኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ስለመውሰድ የጠየቃችሁትን እመልሳለሁ። የደም ምርመራችሁን ስለማላይ ግን መድኃኒት ለማቆምም ሆነ መጠን ለመቀየር ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጥያቄ (ከብቸና)፦ እናቴ አቶርቫስታቲን 20 ትወስዳለች። እኅቴ ደግሞ ከአሜሪካ የዓሣ ዘይት ላከችላት። አብራ ብትወስድ ይጎዳታል?

መልስ፦ ሁለቱ አይጣሉም፣ አብራ መውሰድ ትችላለች። አቶርቫስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት ይገታል፤ የዓሣ ዘይት በበቂ መጠን ሲወሰድ የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ሌላ የደም ስብ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ብልቃጡ ከውጭ ሲመጣ ክኒኑ ይተዋል። «ይኼኛው የተፈጥሮ ነው፣ ኬሚካል የለበትም» ይባላል። የዓሣ ዘይት መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለውን፣ አያወርድም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ክኒኑ በቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮሌስትሮሉ ወደነበረበት ይመለሳል። ሕመም ስለሌለው እናትሽ አታውቀውም። እባክሽ እኅቴ፣ ዘይቱን ብትወስድም ባትወስድም ክኒኗን እንዳታቋርጥ ተከታተያት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ትራይግሊሰራይዴ 380 ነው። ብልቃጡ 1000 ሚሊግራም ይላል። በቀን አንድ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። 1000 የሚለው የጠቅላላ ዘይቱ ክብደት ነው። ብልቃጡን አዙረህ ጀርባውን አንብብ፤ የሚፈለጉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ስቦች ናቸው። በተለመደው እንክብል ውስጥ 180 እና 120፣ በድምሩ 300 ሚሊግራም ብቻ አሉ። ትራይግሊሰራይድን ለማውረድ ሐኪሞች የሚያዙት በቀን ከ2 እስከ 4 ግራም ነው፤ 4 ግራም ከሩብ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። በአንተ ብልቃጥ ከ7 እስከ 13 እንክብል መሆኑ ነው። በራስህ እንዳትጀምረው፤ ከፍ ያለው መጠን የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ይልቅ መጀመሪያ ስኳርህን ተለካ። አረቄና ጠላ የምታዘወትር ከሆነም ተው። ቁጥሩን ወደ ላይ የሚገፉት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ እነሱ ሳይስተካከሉ ለእንክብል ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የልብ ሕመምን ይከላከላል የሚባለውስ?

መልስ፦ እንደ ዘይቱ ዓይነትና እንደ መጠኑ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ውጤቱ የወጣው ቪታል የተባለ ጥናት 25,871 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ በቀን 1 ግራም መውሰድ የልብና የስትሮክ አደጋን በአጠቃላይ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። በዚያው ዓመት ሪዲውስ-ኢት የተባለው ጥናት ስታቲን (እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል ክኒን) እየወሰዱ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ላለባቸው 8,179 ሰዎች የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ሰጥቶ፣ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ25 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በ2020 ግን ኢፒኤና ዲኤችኤ ተቀላቅለው የተሰጡበት ስትሬንግዝ የተባለ ጥናት ጥቅም አላሳየም። ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እንደ እኔ ከሆነ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ያ የተጣራው ኢፒኤ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው እንክብል የእሱን ስም ተውሶ ሊሸጥ አይገባም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። መቼ ልውሰድ? እንክብሉስ የጾም ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ አቶርቫስታቲንን በፈለጉት ሰዓት መውሰድ ይችላሉ፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ሲምቫስታቲን ከሆነ ማታ ይሻላል። ስለዚህ ጾም ክኒን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። የዓሣ ዘይት ከምግብ ጋር ሲወሰድ የበለጠ ወደ ሰውነት ይገባል፣ ማግሳቱም ይቀንሳል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በወጥ ሲበሉ ይውሰዱት። የእንክብሉ ልባስ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ምንጩን ብልቃጡ ላይ ያስነብቡና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አባቴ ዋርፋሪንም ይወስዳል።

መልስ፦ ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ እንግዲያው የዓሣ ዘይቱን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት ዕድል ሊጨምር ስለሚችል የደም መርጋት ምርመራው መታየት አለበት። የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለምን እንክብል? የጣና ዓሣና ተልባ አይበቁንም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ኦሜጋ 3ቱ ከቅባታሞቹ የባሕር ዓሦች ያነሰ ነው፤ ሆኖም በቅቤና በጮማ ፋንታ ቢበላ ለኤልዲኤል ይጠቅማል። በሚረጋው የፓልም ዘይት ተጠብሶ ከሆነ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ወጡ ወይም ሾርባው ይሻላል። ተልባ ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የትራይግሊሰራይድ መድኃኒት አይሆንም። አሰሩ ግን ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል። ተልባው ሲበጠበጥ የሚዝለገለግ በመሆኑ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገይ ይችላል፤ ክኒኑን በተልባ አታወራርዱት፣ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይኑር።