የታመመ ተክል በሽታው ክሽክሽን ይጠራልን?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ በጓሮዬ ዱባና ቃሪያ አለማለሁ። አንዳንዱ ተክል ቅጠሉ ዝንጉርጉር ይሆንና ተጨማዶ ይቀጭጫል፤ የግብርና ባለሙያም አይተው ቫይረስ ነው ብለውኛል። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥጠው ትንሽ ተባይ) ግን ከጤነኛው ይልቅ የታመመውን ቀድሞ የሚያገኘው ይመስለኛል። የታመመ ተክል ሽታው ተለውጦ ተባይ ይጠራል የሚባለው እውነት ነውን? መድኃኒት ስረጭስ በሽታው ለምን አይቆምም?
አንባቢያችሁ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ በብዙ ተክሎች ላይ የተረጋገጠ ነገር ነው። ማንኛውም ተክል፣ ጤነኛውም ቢሆን፣ ከቅጠሉ የሚተንኑ ኬሚካሎችን ወደ አየር ይለቃል፤ ጤና አዳም ሲነኩ የሚያውድዎት ሽታ ከእነዚሁ የሚመጣ ነው። ቫይረስ ሲገባ የተክሉ የመከላከያ ሆርሞኖች ሚዛን ስለሚዛባ የሚለቀቀው ኬሚካል መጠኑ ወይም ቅልቅሉ ይለወጣል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ለሰው አፍንጫ አይታወቅም፤ ለክሽክሽ ግን ይታወቀዋል።

ለእርስዎ ጓሮ የሚቀርበው ምሳሌ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ነው፤ ይህ ቫይረስ ዱባንም ቃሪያንም ያጠቃል። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት፣ በዚህ ቫይረስ የተያዘ የዱባ ዝርያ ሽታው ከጤነኛው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ መጠኑ ብቻ ይጨምራል፤ በዚህም ክሽክሽ ወደ እርሱ ይሳባል። አርፎ ሲቀምሰው ግን ተክሉ ስለማይስማማው ፈጥኖ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ ለቫይረሱ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በክሽክሹ አፍ ጫፍ ላይ የሚጣበቀው ሴኮንዶች በሚፈጅ ቅምሻ ሲሆን፣ ነፍሳቱ ብዙ ከቆየ ወይም አብዝቶ ከመጠጠ ቫይረሱን ያጣዋል። የድንች ቅጠል የሚያጠቀልለው ቫይረስ በአንጻሩ ለሰዓታት መመጠጥን ስለሚፈልግ፣ በእርሱ የተያዘ ድንች ክሽክሹን ስቦ ያቆየዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው በ2012 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ነው፦ ገብስንና ስንዴን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ ገና ያልተሸከመ ክሽክሽ የታመመውን ስንዴ ሲመርጥ፣ የተሸከመው ደግሞ ጤነኛውን ይመርጣል።

ሽታው ሁልጊዜ ለቫይረሱ ብቻ አይሠራም። በትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ የተያዘ ትምባሆ ሜቲል ሳሊሲሌት ይለቃል፤ ይህም በጡንቻ ማሻሻ ቅባት ውስጥ የሚሸተው ኬሚካል ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. እንደታየው፣ አጠገቡ ያለ ጤነኛ ትምባሆ ይህን ከአየር ተቀብሎ መከላከያውን ያነሣሣል።

እንግዲህ መድኃኒት እየረጩ በሽታው ያልቆመው በእርስዎ ስንፍና አይደለም። ቫይረሱ እንዲህ በቅምሻ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ክሽክሹ መድኃኒቱ ሳይገድለው በፊት ብዙ ተክል ቀምሶ ቫይረሱን አድርሷል። በእኔ እምነት የሚሻለው፣ የመጀመሪያው ዝንጉርጉር ቅጠል እንደታየ ተክሉን መንቀል ነው። አነቃቀሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዝም ብለው ከነቀሉት ክሽክሹ ተነሥቶ በጎረቤት ተክል ላይ ያርፋልና፣ አስቀድመው በሳሙና ውኃ ይርጩት፣ ከዚያ በፌስታል ሸፍነው ይንቀሉትና ከጓሮው ራቅ አድርገው ይቅበሩት። በዙሪያው ያለውንም አረም ያጽዱ፤ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ከ1000 በላይ የተክል ዝርያዎችን ስለሚያጠቃ፣ ጤነኛ የሚመስል አረም ቫይረሱን ይዞ ሊቆይ ይችላል።