ጭሱ ሁላችንንም ሸቶን ነበር

ልጆቼ፣

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ከተማው አልቆ የገበሬው ማሳ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ከ30 ዓመት በላይ ሥነ ልቦና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሚወጣ የሚወርደውን አያለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ሸተተኝ። በሬን ከፍቼ ብቅ ስል ቀጭን ጭስ በደረጃው ሽቅብ ይወጣል። የፊት ለፊቱ ጎረቤቴም በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። ተያየን። እሱ ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩ። «መቼም አንድ ሰው ደውሏል» ብዬ ተመልሼ ጋደም አልኩ።

ግራውንድ ላይ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት አለች። ሊጥ ልታይ ተነስታ ኖሮ ጩኸቷ ብሎኩን አናወጠው። የሚገርመው ግን «ሰው ድረሱ!» አላለችም። «አንተ የአራተኛ ፎቁ ልጅ፣ ብሬከሩን አጥፋ! የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ፣ እርስዎ 939 ይደውሉ!» ነው ያለችው። ወዲያው ሁላችንም ተንቀሳቀስን። ከአንድ የቆጣሪ ሳጥን በቀር የጠፋ ነገር የለም።

እኔ ግን እስከዛሬ አፍራለሁ፤ ይህንኑ ጉዳይ ስንቴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቻለሁ! ላታኔና ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች መጠይቅ በሚሞሉበት ክፍል ውስጥ ጭስ ለቀቁ። ብቻቸውን ከነበሩት ከመቶ 75ቱ ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው እንዲቀመጡ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር የተቀመጡት ግን ዓይናቸውን እያሹ መጠይቃቸውን ሞሉ፤ የተናገሩት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ። አንደኛው፣ ግራ ሲገባን የሌላውን ፊት እናነባለን። ሌላውም የእኛን እያነበበ ነው፤ ሁሉም ውስጡ እየተርበተበተ ፊቱን ጨዋ ስላደረገ ሁሉም «ደህና ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው የኃላፊነት መበታተን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ጌጥ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ አንዷን ሎሚ ሲያነሳ ነው። ሃምሳው ሰው «ሌላው ያነሳዋል» ካለ ሎሚው እዚያው ይበሰብሳል። ያቺ ሴት ያደረገችው ሎሚውን በየስማችን ማደል ነበር። እናንተም መንገድ ላይ ብትወድቁ ወይም የወደቀ ብታዩ «እርዱ» ብላችሁ ለአየር አትጩኹ። «ባለ ቀይ ሹራቡ፣ አንተ ደውል» በሉ።

ጥናቱን የቀሰቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቪዝ የተባለች ወጣት ሴት መገደሏ ነው። 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ የሚለውን የጋዜጣ ታሪክ እኔም ለዓመታት እንዳለ አስተምሬዋለሁ። በኋላ ሲጣራ የተጋነነ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያውም አንዲት ጎረቤቷ ወርዳ አምቡላንስ እስኪመጣ አቅፋት ቆይታለች። የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ካነበባችሁ፣ እርማቴ ይድረሳችሁ።

ያን ሌሊት ስለ ጎረቤቴ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፦ «ግድ የለሽ ሰው!» ስለራሴ ግን «ጨለማ ነው፣ ጉልበቴም ያመኛል» ነበር ያልኩት። የሰውን ጥፋት ለጠባዩ፣ የራሳችንን ለሁኔታው እንሰጣለን። ሊ ሮስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የሰውን ድርጊት ስንመዝን ሁኔታውን ረስተን ጠባይን ብቻ የማየት ልማዳችንን መሠረታዊ ስህተት ብሎታል። ከሳምንት በኋላ ቡና ስንጠጣ ጎረቤቴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እኔ እኮ የተመለስኩት እርስዎን አይቼ ነው። የተማሩ ሰው ነዎት፣ ከባድ ነገር ቢሆን ዝም አይሉም ብዬ።» ስኒውን ይዤ ቀረሁ።

ጭስ በሌለበትም ይኸው ነው። በብሎካችን ስብሰባ ለጥበቃ መዋጮ ይጨመር ተብሎ እጅ ወጣ። ያ የአራተኛ ፎቁ ልጅ ብቻ «ያለፈው ዓመት ሂሳብ ሳይቀርብ?» አለ። ጸጥ ሆነ። ጥያቄው ልክ እንደሆነ እያወቅሁ እጄን ከብዙኃኑ ጋር አወጣሁ። ደረጃ ላይ ሦስት ሰዎች ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «ልክ ብለሃል» ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ሦስቱም እጃቸውን ያወጡ ናቸው።

ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳየው ይህንን ነው። የመስመሮችን ርዝመት ማወዳደር ለሕፃንም ቀላል ነው። አስቀድሞ የተስማማ ቡድን በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ግን፣ ከተፈታኞቹ መልስ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቡድኑን ተከትሎ ተሳሳተ። እኔ ከሁሉ የምወደው ቀጣዩን ክፍል ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ፣ ስህተቱ ከመቶ ወደ 5 ገደማ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ወጣቶችን «ጀግና ሁኑ፣ ብቻችሁን ቁሙ» እያልን እናስጨንቃለን። ሁሉም የመጀመሪያውን እጅ ለማውጣት አይፈጠርም፤ እኔም አልተፈጠርኩም። ሁለተኛውን ማውጣት ግን ይቻላል፤ የመጀመሪያውንም ሰው ከእብድ ወደ ባለ ሐሳብ የሚለውጠው እሱ ነው።

የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለ። ልጁ ሂሳቡን እንደገና ሊጠይቅ ነው። ከጎኑ ወንበር እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ።