ከመፈረምሽ በፊት መንገዱን ሂጂበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ3 ዓመት ልጅና የ7 ወር ሕፃን አላችሁ። ከገቢያችሁ ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል። ባለቤትሽ ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ርካሽ ሰፈር ውስጥ ቤት አግኝቷል። አንቺን ደግሞ የሥራሽ ርቀት፣ የልጆቹ ነገርና ከእናትሽ መራቅ አስጨንቆሻል። «እንሂድ ወይስ እንቆይ?» ነው ያልሽው።

እኛ ከ4 ዓመት በፊት ይህንኑ አድርገናል። ያኔ ትልቁ ልጄ 4 ዓመቱ ነበር፤ ትንሿ ገና ዓመት አልሞላትም። በመሄዳችን አልቆጭም። የሚቆጨኝ አካሄዳችን ነው። እንዲሁ ተጣድፈን ነው የገባንበት። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልንገርሽ።

ከሒሳቡ ልጀምር። እኔና ባለቤቴ የሁለቱን ቤቶች የኪራይ ልዩነት በ12 አባዛነው፤ የመጣውን ቁጥር አይተን ደስ አለን። አዲሱ ቤት ከድሮው በሲሶ ይቀንስ ነበር። ግን እኔ በፊት ሥራ የምሄደው በእግሬ ነበር፣ 20 ደቂቃ ያህል። አሁን ሁለት አውቶቡስ መቀያየር መጣ። ባለቤቴም እንደዚያው። የሕፃናት ማቆያው መዝጊያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዘግይተን እየደረስን የማስቆያ እንከፍላለን። ማታ ደክሞን ስንገባ ማን ያበስላል? ከውጭ ገዝተን እንበላለን። የድሮዎቹ መጋረጃዎች አንዳቸውም ለአዲሶቹ መስኮቶች አልሆኑም። ከ3 ወር በኋላ ቁጭ ብለን ስንደምር፣ ከኪራዩ ይተርፈናል ካልነው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠውን መንገድና መንገዱ ያመጣው ወጪ በልቶታል።

«ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ቁጥሩ የታወቀው በአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ማሻሻያ የእነዚህ ቤቶች ተከራዮች ከገቢያቸው ከ25 በመቶ በላይ እንዳይከፍሉ ገደበ፤ በ1981 ገደቡ ወደ 30 ከፍ አለ። የድጎማ ቤት ገደብ ነው እንጂ ጠዋት ሁለት ልጅ ይዞ ለሚሮጥ ሰው ተሰልቶ የወጣ አይደለም። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ስሌት ነው። ቺካጎ ውስጥ ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የሚባል ተቋም አለ። እሱ ቤትንና መጓጓዣን ደምሮ ነው የሚመዝነው። ሁለቱ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ ካለፉ ሰፈሩን ርካሽ አይለውም። እኛ ይህን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ የመረጥነው ቤት ከ45 በላይ እንደሚወጣ በአንድ ማታ እናየው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤትሽ ጋር ወረቀት አውጡ። የሁለታችሁን መጓጓዣ በወር ስንት እንደሚመጣ ጻፉ። ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት በምን እንደምትሄዱ፣ ማቆያ በሰዓቱ ሳትደርሱ ስትቀሩ ስንት እንደምትከፍሉ፣ ጓዝ ለመጫን፣ ለመያዣ የሚከፈለውንም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ከገቢያችሁ አንድ አሥረኛ እንኳን ካልተረፋችሁ፣ እኔ ብሆን አልሄድም። በዚያው በለመዳችሁት ሰፈር ጠበብ ያለ ቤት እፈልግ ነበር። ያሁኑን አከራይም እንዲቀንስልኝ እጠይቅ ነበር። እኛ አልጠየቅንም። ከወጣን በኋላ ቤቱ 2 ወር ባዶውን ሲቀመጥ ነው፣ ብንጠይቅ ሳይቀንስልን አይቀርም ነበር ብለን ያሰብነው።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሰዓትም ጻፉ። ይህን አደራ የምልሽ ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ትንሿን ልጄን ነቅታ የማያት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ጠዋት ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች። ሰኞ ዕለት አለቃዬን አነጋገርኩ። አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ ተስማማን። ጠዋት ልጆቹን የሚያሰናዳው ባለቤቴ ሆነ፣ ማታ ደግሞ እኔ። ነገሩ የተስተካከለው ያኔ ነው። አንቺ ግን ይህን ንግግር ውል ከመፈረምሽ በፊት አድርጊው። አለቃሽ እምቢ ካለም ያንን አውቀሽ ትወስኛለሽ።

አሁን ወደ ቤቱ። እኛ ያየነው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቤቱ ውስጥ ፀሐይ ገብቷል፣ ደላላው ከፊት ከፊት እየሄደ ያስጎበኘናል። የልጆቹ መኝታ ክፍል አንዱ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሌሎቹ ሦስቱ አሮጌ ናቸው። አንዱ ብቻ ለምን ተቀባ ብዬ አልጠየቅሁም። ከገባን በሦስተኛው ሳምንት የልጄ አንድ እግር ጫማ ጠፍቶ ቁም ሳጥኑን ሳብ ሳደርገው፣ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ግድግዳው ጥቋቁር ነጠብጣብ ለብሷል። በጣቴ ስነካው ቀለሙ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ትንሿ ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ትስላለች፤ ጉንፋን ነው ስል ነበር። አከራያችን «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» አሉን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት እርጥበትና ሻጋታ ከሳልና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ በግልጽ ጽፏል። እኔ ያነበብኩት ልጄ ከታመመች በኋላ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ለቀን ወጣን።

ቤት ስታዪ ቁም ሳጥኖቹን ከፍተሽ አሽቺ። ግድግዳውን ከወለሉ አጠገብ በእጅሽ ንኪው። ከቻልሽ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂጂ። ቧንቧውን ማታ ሁሉም ሰው ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት ክፈቺው። ለብቻው የተቀባ ግድግዳ ካየሽ «ምን ሆኖ ነው?» በዪ። ማፈር የለም፣ ልጆችሽ የሚተኙበት ክፍል ነው።

ሁለተኛውን ቤት እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ብዙም ሳይርቅ አገኘን። አሁን የምንኖርበት ነው። በዚህኛው ግን ብልህ ሆነናል። ከመፈረማችን በፊት እረፍት ወስጄ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ በምሄድበት ሰዓት፣ ትልቁን ልጄን ይዤ ከዚያ ቤት በር ተነሳሁ። ለብቻዬ ስሄደው አውቶቡስ ማቆሚያው 12 ደቂቃ ነበር። ከልጄ ጋር 25 ደቂቃ ወሰደብን። አንድ ቦታ የእግረኛ መንገዱ ያልቅና መኪና መንገድ ላይ ትወርጃለሽ። ለብቻዬ ስሄድ ልብ አላልኩትም። የልጅ እጅ ስትይዢ ግን ወዲያው ይታይሻል። ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ አለፈን፣ ሦስተኛው ላይ ገባን። ማታም ተመልሰን በዚያው መንገድ መጣን። መሃል ላይ መብራት የሌለው ረዘም ያለ ቦታ አለ። በዚያ ማታ ከጀርባ የሚሄድ ሌላ መንገድ አገኘን። 4 ደቂቃ ይጨምራል፤ ግን መብራት አለው፣ ሰው አለው። ዛሬም የምንሄደው በእሱ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጅብሽ። ከሁሉም ምክሬ አንዱን ብቻ ትወስጂ ቢሆን ይህን እንድትወስጂ እፈልጋለሁ። ስለ ሰፈሩም ደላላውን አትጠይቂው። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። እነሱ ጋ ቁሚ። የትኛው መሻገሪያ አደገኛ እንደሆነ፣ ማቆያው ውስጥ ቦታ እንዳለ፣ ማታ ልጅ ሲታመም የት እንደሚሄዱ በ10 ደቂቃ ይነግሩሻል። ስለ ውሉ ብዙ አልልም። የኪራይ ጭማሪ መቼና በምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቁልፍ የተቀበላችሁ ቀን ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱ።

ልጆቹ ይጎዱ ይሆን ላልሽው። የ7 ወሯ ሕፃን እናንተ ካላችሁላት አትቸገርም። የ3 ዓመቱ ግን ያውቃል። የእኔ ልጅ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ እራት ከበላ በኋላ ጫማውን ያደርግና በሩ ጋ ይቆማል። «በቃ፣ አሁን ቤታችን እንሂድ» ይላል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። እቃ ስንጭን እንዳይረብሸን ብለን እናቴ ጋ አሳድረነው፣ በማግስቱ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት አመጣነው። የድሮ ቤቱን ባዶ ሆኖ አላየውም። ጓደኞቹንም ደህና ሁኑ አላለም። በኋላ አንድ ቅዳሜ ወሰድነው። በሩን አንኳኳ፤ ሌላ ሰው ከፈተ፤ ገባው። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ጫማውን አላነሳም። አንቺ ልጅሽን ይዘሽው ጫኚ። የራሱን ሳጥን ራሱ ይሸከም። አዲሱ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የእሱን አልጋ ዘርጉ። አንሶላውን ያን ሰሞን አትጠቢው፣ የሚያውቀው ሽታ ይኑረው።

የሰፈር ነገር ለልጅ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጥናት አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በ5 የአሜሪካ ከተሞች 4,600 ያህል ቤተሰቦች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። በዕጣ ለወጣላቸው ከድሃ ሰፈር ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲዛወሩ የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ከዓመታት በኋላ ልጆቹን ተከታትለው አዩ። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት፣ ዕጣው ካልወጣላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ገቢያቸው 31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከ13 በላይ ሆነው የተዛወሩት ግን ጥቅም አላገኙም። እነሱ የሄዱት ወደ ተሻለ ሰፈር ነው፣ ወደ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ርካሽ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ትምህርት ቤቱን፣ መጫወቻውን፣ ሰላሙን አይተሽ ጥሩ ከሆነ ግን የልጆችሽ ዕድሜ ለመሄድ ምቹ ነው። ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ይከብዳል።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው ነው ልቤን የነካው። የእኔም እናት ሁለት መንገድ አቋርጣ ነበር የምትመጣው። ከተዛወርን በኋላ «እንመጣለን፣ ትመጫለሽ» እያልን ሁለት ወር ተኩል ሳንገናኝ ቀረን። እሷም ላለማስቸገር ብላ ዝም አለች። በኋላ ቀን ቆረጥን። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ታድራለች፣ ዓርብ ከሰዓት ትመለሳለች። ሐሙስ ማታ ልጆቹን የምታስተኛው እሷ ናት። ሁለተኛውን ቤት ስናይም ይዘናት ሄድን። ደረጃው መደገፊያ እንደሌለው ያየችው እሷ ናት፤ አከራዩ ሳንገባ አሠሩት። ቁልፍ ስንቀበል ሦስት አስቀረጽን። ሦስተኛው የእሷ ነው።