ሞተሬን አቁሜ ብሄድ አይጥ ሰፈረችበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሥራዬ ምክንያት በዓመት ከ6 እስከ 7 ወር ከቤት እርቃለሁ። ሞተር ሳይክሌን የማቆመው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ስመለስ የኋላ መብራቱ አልሠራ አለኝ። መቀመጫውን ሳነሳው የተበጣጠሰ ስፖንጅ፣ የወረቀት ብጥስጣሽና የአይጥ ኩስ ሞልቶታል። ሁለት ሽቦም ተበልቷል። ለጊዜው በናስትሮ ጠቅልዬ እየነዳሁ ነው። እንደገና ልሄድ አንድ ወር ቀርቶኛል። ጎረቤቴ መርዝ በትንበት ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ናፍታሊን ይበቃዋል ይላል። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?
ሞተሩ ያሳሰበው

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። የተበላው ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ በቀላሉ ተገላግለሃል። እኔ 30 ዓመት ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ስኖር ከአይጥ ጥርስ ያተረፍኩት ሞተር ብዙ ነው። ያላተረፍኩትም አለ። መጀመሪያ የተቃጠልኩት ግን በራሴው ሞተር ነው።

ለ8 ወር አቁሜው ሄጄ ነበር። ተመልሼ ቁልፉን ባዞር ምንም የለም። ባትሪው ሞቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። ፊውዙ ተቃጥሎ አገኘሁት፣ ቀየርኩት። ወዲያው ተቃጠለ። ደግሜ ቀየርኩ፣ ደግሞ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት ሞተሬን የነካውን ሠራተኛ በሆዴ እየረገምኩ ሦስት ቀን ከረምኩ። በመጨረሻ የፊት መብራቱን ፈትቼ ሳየው፣ ከኋላው አንድ ሽቦ ልብሱ ተግጦ ከብረቱ ጋር ይነካካል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? ያ ምስኪን ሰው ያለ ጥፋቱ ተረገመ። ከዚያ ወዲህ ቆሞ የከረመ ሞተር ፊውዝ ደጋግሞ ሲያቃጥል ካየሁ ቀድሜ የምፈልገው የተጋጠ ሽቦ ነው። እንዲህ ሲሆን ከፍ ያለ ፊውዝ የሚከቱ ሰዎች አሉ። አደራህን፣ ፊውዙ ተረፈ ማለት ሽቦው ይቀልጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ አይጧ ልምጣ። ወደ ሞተርህ የመጣችው ርቧት አይመስለኝም። ትንሿ የቤት አይጥ በቀን 3 ግራም ያህል ምግብ ይበቃታል፤ ያንን የትም ታገኛለች። ከሞተርህ የምትፈልገው ጨለማ፣ ጸጥታና ለመኝታ የሚሆን ለስላሳ ነገር ነው። ከመቀመጫው ሥር ስፖንጅ አለ። የአየር ፊልትሮው ሳጥን ደረቅ ነው፣ ንፋስ አይገባውም፣ ፊልትሮው ራሱ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ወይም ስፖንጅ ነው። ማንም ለወራት አይነካውም። ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ታመጣለች?

ሽቦ መቁረጧ ደግሞ የጥርሷ ጣጣ ነው። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ጠንከር ያለ ነገር እየጋጠች ማሳጠር አለባት። የአዲስ ሞተር ሽቦ ልብሱ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው የሚል ወሬ ትሰማለህ። እኔ ግን አኩሪ አተር በአጠገቡ ያላለፈ የድሮ ሽቦም ተግጦ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሞተሩን ከመንካትህ በፊት ክፍሉን ፈትሽ። ቀን ላይ ግባና በሩን ዝጋ፣ መብራት አጥፋ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ቁም። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግበት። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥም ያስገባል፤ 6 ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ቀዳዳውን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቅበትና ላዩን በሲሚንቶ ድፈነው። ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ብቻ ከሆነ የጠቀጠቅከው፣ መኝታ አቀበልካት ማለት ነው። የበሩን የታች ክፍተት በብረት ዝጋው። ጎማ ትግጠዋለች።

ባዶ ካርቶን፣ የቆየ ጋዜጣ፣ የእህል ጆንያ፣ የእንስሳት መኖ ከዚያ ክፍል ይውጣ። አንድ ደንበኛዬ ሞተሩ ጉልበት አጣብኝ ብሎ አመጣው። የፊልትሮውን ሳጥን ስከፍት እስከ አፉ የውሻ መኖ ሞልቶታል። ውሻው የሚበላው ሌላ ክፍል ነው። አይጧ ፍሬ በፍሬ እያመላለሰች ጎተራ አድርጋዋለች። ሰውየው ሊያምነኝ አልቻለም። እኔ የከተትኩት ሳይመስለው አልቀረም።

ያለህ አንድ ወር ደግሞ ለወጥመድ ነው። ዛሬውኑ ጀምር፤ ከሄድክ በኋላማ የሞተችውን ማን ያነሳታል? የተለመደው ፈንጣሪ ወጥመድ ይበቃል። አይጥ የግድግዳ ጥግ ይዛ ነው የምትሄደው። ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር አስጠግተህ፣ ማታለያው ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙረህ አስቀምጥ። ከ2 እስከ 3 ሜትር እያራራቅክ ደርድር። ለማታለያ አተር የምታህል የኦቾሎኒ ቅቤ ትበቃለች። ብዙ ካደረግክ ከዳር ዳር ልሳው ትሄዳለች። የጥጥ ክር ቋጥረህ ብታስርበትም ይሠራል፤ ለጎጆዋ ስትጎትተው ትያዛለች። አንድ ይዞልሃል ብለህ እንዳትተው። ብዙውን ጊዜ ብቻዋን አይደለችም፤ እርግዝናዋ ደግሞ 3 ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ሞተሩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ። ጓንት፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ የብስኩት ፍርፋሪ አንድም አይቅር። ሄልሜቱን መሪው ላይ ሰቅለህ እንዳትሄድ። ባትሪውን ፈትተህ ቤት አስገባው፤ ስትፈታ ከኔጌቲቩ ጀምር። ባትሪ ከሌለ የተጋጠ ሽቦም ሾርት አድርጎ እሳት አያስነሳም።

አየር የሚገባበትን አፍና የማርሚታውን ጫፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍንና በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው። የወንፊቱ ዓይን ከ6 ሚሊ ሜትር ይነስ። ብዙ ሰው ጨርቅ ይጠቀጥቃል። ጨርቅ እርጥበት አፍኖ ማርሚታውን ያዝገዋል፣ አይጧም ጎትታ ትወስደዋለች። ወንፊት ግን ያስተነፍሳል።

የከለልከውን ሁሉ ሳታነሳ እንዳታስነሳው፣ ለማስታወሻ ቀይ ጨርቅ ቀድደህ ቁልፉ ላይ እሰር። ይህን የምልህ ከልምድ ነው። አንድ ጊዜ የአየር ማስገቢያው ውስጥ ጨርቅ ከትቼ ረሳሁት። ጉልበቴ እስኪያብጥ መነሻውን ስረግጥ አረፈድኩ። ባለቤቴ መጥታ «ነዳጅ አለው?» ስትለኝ የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

መሬት የሚጠርግ ትልቅ ሸራ አታልብሰው። ለአይጧ ድንኳን መትከል ነው። የሚያስተነፍስ ጨርቅ ይሁን፣ ጫፉም ከጎማው እምብርት በታች አይውረድ። ወንድምህ ደግሞ ናፍታሊኑን ትቶ በሳምንት አንድ ቀን ይግባልህ። መቀመጫውን ያንሳ፣ ሞተሩን ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ይግፋው። ጸጥታ የማይሰጥ ቤት አይጥ አትወድም። ሲገፋው ግን 5 ደቂቃ አስነስቶ እንዳያጠፋው። ሳይግል የጠፋ ሞተር ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል።

ናፍታሊን አልወደውም። ሽታውን መተንፈስ ለሰው ጤና ጎጂ ነው፣ ሽታው ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ወር ሙሉ ከአንተ ጋር ይጓዛል፣ አይጧም ትለምደዋለች። መርዝንማ ሞተር አጠገብ አታድርስብኝ። የበላችው አይጥ የምትሞተው አንተ በመረጥክላት ቦታ አይደለም። የፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ወይም ታንኩ ሥር ገብታ ትሞትና ሽታውን አንተ ትችለዋለህ። የሞተችውን አይጥ የጎረቤት ድመት ከበላቻት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሽቦ ላይ የሚጠቀለል የተለየ ናስትሮ አለ። ሆንዳ የሚሸጠው ካፕሳይሲን የተቀባ ነው፤ ካፕሳይሲን በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። መጠቅለሉ አይከፋም፤ ቀዳዳ መድፈኑን ግን አይተካም። ስትጠቀልል ዓይንህን እንዳትነካ።

የተበሉትን ሁለት ሽቦዎች ግን በናስትሮ ብቻ ትተህ እንዳትሄድ። የተጋጠውን ቁረጠው፣ አዲስ ቀጥልበት፣ በካውያ በሚቀልጥ የቆርቆሮ ሽቦ በየደው፣ ሙቀት ሲነካው የሚጨማደድ ቱቦ አልብሰው። ስትመለስም ቁልፍ ከማዞርህ በፊት የእጅ ባትሪ ያዝ። የነዳጅ ጎማውንና የፍሬን ቱቦውን እየዳሰስክ እይ። የቤንዚን ሽታ ካለ ምንም አታስነሳ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ድመት አለችኝ። ሞተሬ ካለበት ክፍል ታድራለች። እንዲያም ሆኖ የአይጥ ኩስ አያለሁ። ድመቷ ሰነፍ ናት ወይስ ሌላ እንስሳ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኩሱን እዪው። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ሾል ያለ ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አይጠ መጎጥ ነው፤ ወጥመዱም ትልቅ ይሁን። ድመትሽን አልወቅሳትም። ጥሩ አዳኝ ብትሆንም የፊልትሮ ሳጥን ውስጥ ገብታ አታድንም። ይልቅ የሞተርሽን መቀመጫ ጥፍሯን መሳያ እንዳታደርገው።

ጥያቄ፦ ዛሬ የፊልትሮውን ሳጥን ስከፍት ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ ግልገሎች ያሉበት ጎጆ አገኘሁ። ደነገጥኩና መልሼ ዘጋሁት። ጓደኛዬ «አስነሳውና በጭሱ ይሽሹ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጓደኛህን አትስማው ልጄ። ጎጆው ተስቦ ወደ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማርሚታው አጠገብ ሌላ ጎጆ ካለ ደግሞ ሲግል እሳት ሊይዝ ይችላል።

መስኮትና በሩን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ። ጓንት አድርግ፣ ማስክም አትርሳ። የአይጥ ኩስና ሽንት ሃንታ የሚባለውን ቫይረስ ጨምሮ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዋናው መንገዱም ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በደረቁ አትጥረግ፣ በኮምፕሬሰርም አትንፋ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጥና ጎጆውን አርጥበው፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ጎጆውን እንዳለ አንስተህ በሁለት ፌስታል ቋጥር። በረኪናው አሉሚኒየምና የሽቦ መጋጠሚያ ይበላልና እነሱ ላይ አታፍስስ። ሳጥኑን ፈትተህ ውጭ ብታጥበው ይሻላል።

ግልገሎቹን ማየት ደስ አይልም፤ እኔም 30 ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም። ካነሳሃቸው በኋላ እናትየዋ ፍለጋ ትመለሳለችና ወጥመዱ በዚያው ማታ ይዘጋጅ። ፊልትሮውን ወደ ብርሃን ያዝና እየው። አንድም ቀዳዳ ካለው ጣለው። በቀዳዳው ብጥስጣሹ አልፎ ሊሆን ስለሚችል ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ሳይታይ ሞተሩ አይነሳ።