ለምታጠባ እናት የሚበቃ ፕሮቲን፦ ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄዎቹ የመጡት ከጎንደር ከተማ፣ ከአዘዞ፣ ከደንቢያና ከዳባት ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 55 ኪሎ ነው፣ ልጄ 2 ወር ሞላው። በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ 65 ግራም ገደማ። አንዲት ጤነኛ ሴት ሳታጠባም ቢሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 0.83 ግራም ያስፈልጋታል። ላንቺ 46 ይሆናል። ለማጥባት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 19 ግራም ትጨምሪበታለሽ። ከ6 ወር በኋላ ልጁ ሌላ ምግብ ስለሚጀምር ጭማሪው ወደ 13 ይወርዳል።

19ኙ የመጣው እንዲህ ነው። ጡትሽ በቀን 750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ወተት ይሰጣል፤ በየ100 ሚሊ ሊትሩ 1 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ስለዚህ በቀን የሚወጣው 8 ግራም አካባቢ ነው። ነገር ግን ከበላሽው ፕሮቲን ወተት ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ይያዛል።

ጥያቄ፦ ፕሮቲን ካነሰኝ ወተቴ ይቀጥናል?

መልስ፦ አይቀጥንም። በወተቱ ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን እናትየው በበላችው ብዙም አይለዋወጥም። ሲጎድል ከእናት ጡንቻ ተወስዶ ይሞላል፤ ልጁ ሲወፍር እናቱ ትሟሽሻለች። ስለዚህ «ልጁ ደህና ነው» ማለት «እናቲቱ በቂ በልታለች» ማለት አይደለም። በእናት አመጋገብ የሚዋዥቁት ቫይታሚን ኤ፣ ቢ1፣ ቢ12 እና አዮዲን ናቸው።

የወተቱን ብዛት የሚወስነው ደግሞ ጡቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠባ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ሌሊቱም ይቆጠራል። ሥጋ ብቻውን ወተት አያበዛም።

ጥያቄ፦ (ከአራዳ፣ አንዲት አያት) ልጄን ጧት ማታ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት በማር እያልኩ 40 ቀን ሙሉ ተንከባክቤያታለሁ። ምን ጎደለባት?

መልስ፦ እማማ፣ አንቱ ያበሉት ኃይል የሚሰጥ ነው፤ የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ስለሚያስፈልጋት ገንፎው ቦታው ነው። ግን ቅቤ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፣ ማር ውስጥም እንዲሁ። ከ100 ግራም የገብስ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ 10 ግራም ገደማ፣ ከ40 ግራም የአጃ ዱቄት የተሠራ አጥሚት 5 ግራም ያህል ነው ያለው። የአጥንት መረቅም ቢሆን መዓዛውን ያህል ፕሮቲን የለውም፤ ሥጋው ራሱ ካልተበላ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የሚስተካከለው ሳይከብድ ነው። አጥሚቱን በውኃ ፋንታ በወተት ያፍሉት፤ 1 ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ 8 ግራም ይጨምርለታል። ከገንፎው ጎን 2 እንቁላል ይቀቅሉላት። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ አንዱ 5 ግራም፣ የፈረንጁ 6 ግራም አካባቢ ነው። አይብ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ 100 ግራሙ ውስጥ 14 ግራም ያህል አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአራስ ጠያቂው ገንፎ በልቶ ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ አራስ ቤቱም ሲበተን፣ እናቲቱ ወደ ተራው ማዕድ ትመለሳለች። ጡቱ ግን ገና ብዙ ወራት ይጠባል። ጉድለቱ በብዛት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ሽሮ በየቀኑ ይሠራል። ሽሮ ጥራጥሬ ስለሆነ አይበቃም?

መልስ፦ ሽሮው ሳይሆን ውፍረቱ ነው ጥያቄው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ የቡና ሲኒ ሞልተሽ ብትሰፍሪ 40 ግራም ያህል ዱቄት ነው፤ 8 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ያ አንድ ሲኒ በ1 ሊትር ውኃ ቀጥኖ ለ5 ሰው ሲቀርብ፣ ላንቺ የሚደርስሽ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረው ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ነው። ድስቱ ቤተሰቡን አጥግቧል፣ አንቺን ግን አልመገበም።

ላንቺ ብቻ በአንድ ማዕድ አንድ ሙሉ ሲኒ ይታሰብልሽ። ቤተሰቦችሽ ቀጭኑን ከወደዱት የነሱን ቀንሰሽ ካወጣሽ በኋላ በድስቱ የቀረውን በ3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥብጠሽ አወፍሪውና እንደገና ይንተክተክ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪው፤ በፈላው ላይ ደረቁን ከነሰነስሽው ይጓጉላል፣ ውስጡም ጥሬ ይቀራል፣ ሆድ የሚነፋውም እሱ ነው።

እንጀራውንም ቁጠሪው። መካከለኛ የጤፍ እንጀራ፣ 250 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ 10 ግራም ገደማ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ሽሮና እንጀራ አብረው ካልተበሉ ፕሮቲናቸው «አይሟላም» ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ፕሮቲን ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የሚባለው። ይሞላላሉ። ግን በአንድ ጉርሻ መገናኘት የለባቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከተበሉ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ (ከደንቢያ) የኛ አገር ጓያ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው ይሉናል። ላዘውትረው?

መልስ፦ ፕሮቲኑ እውነት ነው፣ ከ100 ግራም 25 ግራም ያልፋል። ነገር ግን እግር የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ ሽባነቱ ከያዘ አይመለስም። ደንቢያና ፎገራ ጉዳቱ በደንብ የሚታወቅባቸው ቦታዎች ናቸው። አደጋው የሚመጣው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ በተለይ በእሸቱ፣ በተቆላውና በንፍሮው። ከሌላ ጥራጥሬና ከእህል ጋር ተቀላቅሎ አልፎ አልፎ በወጥ መልክ የሚበላው አደጋው ያነሰ ነው።

የምታጠባ እናት የዕለት ፕሮቲኗን በጓያ ላይ መጣል የለባትም። ሌላ ከሌለ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊው፣ በአዲስ ውኃ ቀቅለሽ ያንንም ድፊው፤ መርዙ በውኃ ስለሚወጣ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ገበያ ላይ ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮ ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ዱቄት ሆኖ መለየት ያስቸግራል፤ ጥሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። የጓያ ፍሬ እንደ አተር ክብ አይደለም፤ ማዕዘን አለው፣ የተቆረጠ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። ብጾም ፕሮቲኔን ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ መጾም አለመጾምሽን አንቺና የንስሐ አባትሽ ትነጋገራላችሁ፤ ብዙ የንስሐ አባቶች ለምታጠባ እናት ስለሚያቀሉ ሳትጠይቂ አትወስኚ። እኔ የምናገረው ስለ ሳህኑ ነው።

የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን የሚፈጨው ከእንቁላልና ከወተት ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ 65 የነበረውን ወደ 75 ከፍ አድርጊው። ጧት አጥሚት (5) እና አንድ ኩባያ የሽምብራ ንፍሮ (14)። ምሳ 1 እንጀራ (10) እና ከ50 ግራም ዱቄት የተሠራ ወፍራም ሽሮ (10)። መክሰስ አንድ እፍኝ ለውዝ (7)። እራት 1 እንጀራ (10) እና ከ60 ግራም ጥሬ ምስር የተሠራ ወጥ (14)። በዚያ ላይ 30 ግራም የተወቀጠ ሰሊጥ በውኃ ተበጥብጦ (5)። 75 ሞላ። ሰሊጡንም ተልባውንም ቆልተሽ ውቀጪው ወይም ፍጪው፤ እንዳለ የተዋጠ ፍሬ እንዳለ ይወጣል። ሽሮ ሲሰለች እልበት፣ ስልጆ፣ የሽምብራ አሳ፣ በቆልት አሉልሽ፤ የጾሙ ማዕድ በዚህ በኩል ሀብታም ነው።

ከባዱ ነገር ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀመስ ከቆየ፣ ይህን ሁሉ በሁለት ማዕድ መጨረስ አይቻልም፤ ሆድ አይችልም። ከንስሐ አባትሽ ጋር ስትነጋገሪ ሥጋና ወተቱን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም አንሺው።

ቢ12 ከጥራጥሬም ከአትክልትም አይገኝም። ከጾም ውጪ እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ የምትበላ እናት በጉበቷ ያከማቸችው 55 ቀን ያሻግራታል። በፍስኩም ወር እነዚህን የማታገኝ ከሆነ ግን ጉዳቱ ወደ ልጁ ይተርፋል፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ ቢ12 ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሽምብራና ባቄላ ከበላሁ ልጁን ሆዱን ይነፋዋል ብለው ከለከሉኝ።

መልስ፦ ነፋሱ የሚፈጠረው ያንቺ አንጀት ውስጥ ነው፤ ወደ ደም ከዚያም ወደ ወተት የሚያልፍ ነፋስ የለም። ይህ ክልከላ ርካሹን ፕሮቲን ከእናት አፍ ስለሚነጥቅ ከሁሉም የምቃወመው ነው።

ያንቺን ሆድ ለማቅለል ሽምብራውን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፊ፣ ውኃውን ድፊ፣ በአዲስ ውኃ ቀቅዪ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ አገር ቶሎ የሚበስለው ንፍሮ እዚህ የሚቆየው ለዚህ ነው። ግፊት ድስት ካለሽ ተጠቀሚበት። ቲማቲምና ሎሚ ሳይበስል ከገቡ ሽምብራው አይለሰልስም፤ መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ጨውም መጨረሻ ላይ፣ አዮዲኑ እንዳይተን።

ጥያቄ፦ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ስንት ስንት?

መልስ፦ 100 ግራም ቀይ ጥሬ ሥጋ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ሲበስል ክብደቱ ቢቀንስም ፕሮቲኑ እዚያው ነው። ዶሮ 12 ብልት ሲወጣላት ከአንዱ ብልት ከአጥንቱ ተለይቶ የሚገኘው ሥጋ 40 ግራም ቢሆን ነው፤ 8 ግራም። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ላይ ከብልቱ እኩል እንቁላሉን አትርሺው። ከጎርጎራ የሚመጣው ቀረሶ ከሥጋ አይተናነስም።

ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፤ ያልፈላ ወተትም ብሩሴላና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። የፎገራ ላም ወተትም ቢሆን ገንፍሎ ይጠጣ።

ጥያቄ፦ አብሽና ጠላስ?

መልስ፦ አብሽ ወተት ያበዛል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው። ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ደግሞ ስኳሯ እንዳይወርድ ትጠንቀቅ። ጠላው የባሰ ነው፤ አልኮል ወተቱ እንዳይወርድ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ጂም ቤት የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?

መልስ፦ አያስፈልግም። አንድ ማንኪያው የሚሰጥሽን 20 ግራም 2 እንቁላልና ከ1 ብርጭቆ ትንሽ የበለጠ ወተት ይሰጡሻል። የኩላሊት ሕመም ያለባት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፕሮቲን አትጨምር።

ጥያቄ፦ 4 ወር ሲሆነኝ ፀጉሬ ረገፈ። የፕሮቲን ጉድለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ በእርግዝና ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ነው ከ3 እና 4 ወር በኋላ አንድ ላይ የሚወርደው። የሚያሳስበው ክብደትሽ በየወሩ ከ2 ኪሎ በላይ ከቀነሰ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም የቀዶ ጥገና ቁስልሽ አልድን ካለ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንድሽን ትለካዋለች፤ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብ የሚሰጥበት ቦታ ካለ ትልክሻለች።

ጥያቄ፦ መንታ ለምታጠባስ?

መልስ፦ 19ኙን ሁለት ጊዜ ደምሪ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ5 ወር ልጅ ታጠባለች። ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ለሳምንቱ ምን ያህል ልግዛ? ጾም ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሷ ብቻ የሚሆነው ይኸውልህ፦ ምስር ግማሽ ኪሎ፣ ሽምብራ ግማሽ ኪሎ፣ ለሽሮ የሚፈጭ አተር ወይም ሽምብራ ግማሽ ኪሎ (ሲከካና ሲለቀም የሚጎድል አለ)፣ ሰሊጥ ሩብ ኪሎ፣ ለውዝ ሩብ ኪሎ። ሽምብራው ዘንድሮ የገባ ይሁን፤ የቆየ ሽምብራ ቢዘፈዘፍም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ቤት ስትገባ የሷን በሌላ ጣሳ አስቀምጠው። ከቤተሰቡ ጋር አንድ ላይ ከተጨመረ መጨረሻ ላይ የሚቀነሰው የእናት ድርሻ ነው፣ እሷም አትናገርም።