የበቆሎ ጥያቄዎቻችሁ፦ ስለ እርሻና ፍግ

ሰላም ለሁላችሁ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ከቆቦ፦ «አራት ጊዜ አርሼም በቆሎዬ ጠወለገ። አምስተኛ ልጨምር?»

አይጨምሩ አባቴ። እርስዎ ጋ የጎደለው ውሃ ነው። ማረሻ በየዓመቱ እኩል ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥሩ ያለው አፈር ይጠቀጠቃል። ሥርም ውሃም አይሰርግበትም። ላዩ ደግሞ ዱቄት ይሆንና ዝናብ ሲመታው ይጋገራል። ይልቅ በመስመር ዘርተው፣ በረድፎቹ መሀል ያለውን ቦይ በየጥቂት እርምጃው በአፈር ይግደቡት። ዝናቡ ማሳው ውስጥ ይቀራል። በቆሎ ጺም ሲያወጣ ከተጠማ ቆረቆንዳው ፍሬ አይሞላም። ያኔ ምንም ቢደረግ አይመለስም።

ከሐይቅ፦ «ፍግ ዩሪያን ይተካል?»

በከፊል፣ እህቴ። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደንብ የበሰበሰ ደረቅ ፍግ ግን በኩንታል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ያውም በመጀመሪያው ዓመት በቆሎው የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ለከርሞ ይቆያል። ስለዚህ ፍጉን ከመዝራትሽ በፊት ከአፈሩ ጋር አዋህጂው። ዩሪያውን ቀነስ አድርገሽ የበቆሎው ቁመት ጉልበት ሲደርስ ጨምሪ። ፍግ ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፦ ፎስፈረስ፣ ፖታሽየም፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር። ፍሬው ሞልቶ ክብደት የሚያነሳው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ኩበቱ ነው። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ማገዶ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እናቴም በኩበት ጋግራ ነው ያሳደገችኝ። ቢያንስ አመዱን ደጅ አትድፉት። ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ እሱ ውስጥ ቀርቷል፣ ማሳ ላይ በትኑት።

ከከሚሴ፦ «ትኩስ ፍግ ብበትንስ?»

ይቅርብህ። የአረም ዘር ይዞ ይገባል፣ ቡቃያም ያቃጥላል። ጥላ ሥር ሦስት ወር ገደማ ይብላላ።

ከወልዲያ፦ «አቀንጭራ አስቸገረኝ።»

አብሽር ወንድሜ። አቀንጭራ የበቆሎን ሥር እየመጠጠ የሚያድግ አረም ነው፤ የሚበረታውም በተራቆተ መሬት ላይ ነው። ፍግ ያዳክመዋል፤ ብቻውን ግን አያጠፋውም። ሳያብብ ንቀለው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ከኮምቦልቻ፦ «ሳይታረስ መዝራት ያዋጣል?»

አገዳውን ማሳው ላይ መተው ከቻልክ፣ አዎ። እኛ ጋ ግን አገዳ የከብት መኖ ነው። ባዶ መሬት ላይ ሳታርስ ብትዘራ አረሙ ይቀድምሃል። መጀመሪያ ግማሽ ጥማድ ላይ ሞክረው።