ትኩሳት የሚመላለስባትን እናቴን በጤና መድን የሚያይ የተላላፊ በሽታ ሐኪም ጅማ ላይ የት አለ? ላልከው

ከግል ክሊኒክ አትጀምር፤ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ብዙውን ጊዜ እዚያ አይሠራም። መንገዱ ይህ ነው፦

1. ደብተሩ ላይ ወደተመዘገበው ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ። ትኩሳቱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰባት፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ንገራቸው፤ ሪፈር አጽፍ።

2. ሪፈሩ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይወስድሃል። እዚያ «የተላላፊ በሽታ» የሚል በር ፍለጋ አትንከራተት። የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል ብለህ ጠይቅ። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ራሳቸው ይመሯታል።

ምርመራው ቲቢ ካለ ደግሞ አትጨነቅ፣ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ለማንም በነጻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳትወጣ ሪፈሩን ከደብተሩ ጋር አስተያይ። የጎረቤቴ እናት ደብተር «ፋጡማ» ይላል፣ ሪፈሩ «ፋጢማ» ተብሎ ተጻፈ። የሆስፒታሉ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አንዴ አየት አድርጋ መለሰቻቸው። ለአንዲት ፊደል! የሪፈሩን ማህተምና የደብተሩን የዘንድሮ እድሳትም አብረህ እይ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድክ ከኪስህ መክፈል ይመጣል፤ ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር ሳትጠብቅ ይዘሃት ሩጥ።